ዱባይ ላይ ቤት መግዛት፦ ከቀብዱ እስከ ካርታው

ዱባይ ላይ ቤት መግዛት ከባድ አይደለም። ከባዱ ገንዘቡን ማግኘት ነው። ሂደቱማ አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም ስም ከማዛወር ይቀላል። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፣ ግን እውነቴን ነው። እኔ በገዛሁ ቀን ካርታውን ይዤ ከቢሮው ስወጣ ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም ነበር።

በየጊዜው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። ዴራ የሚኖር ልጅ ይደውላል፣ ከቨርጂኒያ አንዷ ትጽፋለች፣ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «አንድ አሪፍ ደላላ አግኝቻለሁ» ይለኛል። ሁሉም ወሬውን የሚጀምሩት ከዋጋው ነው። እኔ የምመልሰው ግን ሁሌም አንድ ነው፦ ዋጋውን ተዉትና መጀመሪያ ወረቀቱን አሳዩኝ። ዱባይ ላይ ለእያንዳንዷ የቤት ድርሃም የተቀመጠላት መሄጃ አለ። ችግር የሚመጣው አንድ ሰው ከዚያ መንገድ ውጭ «ለጊዜው ለእኔ አስገቡልኝ» ሲላችሁ ነው።

መጀመሪያ፦ የውጭ ሰው የት ነው የሚገዛው?

ዱባይ የውጭ ዜጋ ቤት እንዲገዛ በሩን የከፈተችው በፈረንጆቹ 2002 ነው። በሕግ የጸናው ደግሞ በ2006 በወጣው የንብረት ምዝገባ ሕግ ቁጥር 7 ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ግን በሁሉም ሰፈር አይደለም። ለውጭ ሰው የተፈቀዱ ቦታዎች አሉ፤ ፍሪሆልድ ይባላሉ። ማሪና፣ ዳውንታውን፣ ቢዝነስ ቤይ፣ ፓልም ጁሜራ የውዶቹ ተርታ ናቸው። አቅማችን የሚቀርበው ኢንተርናሽናል ሲቲ፣ ሲሊከን ኦኤሲስ፣ ስፖርትስ ሲቲ፣ ጁሜራ ቪሌጅ ሰርክል (ሰው ሁሉ ጄ.ቪ.ሲ. ነው የሚለው) የመሳሰሉት ናቸው። ሐበሻ የሚርመሰመስበት ናይፍና አሮጌው ዴራ እዚህ ውስጥ የሉም። እዚያ «ቤት ልሽጥልህ» ያለ ሰው ካለ ቡናውን ጠጥታችሁ ተነሱ።

ፍሪሆልድ ማለት ቤቱም፣ ከሥሩ ባለው መሬት ላይ ያላችሁ ድርሻም የእናንተ ነው፤ የጊዜ ገደብ የለውም። አንዳንድ ቤት ግን ሊዝሆልድ ነው፣ ለ99 ዓመት። እኛ ሀገርም የመኖሪያ መሬት ሊዝ 99 ዓመት ስለሆነ ነገሩ አያስደነግጠንም፤ ብቻ የትኛውን እንደምትገዙ እወቁ።

ለመግዛት የዱባይ መኖሪያ ፈቃድ አያስፈልግም። ፓስፖርት ይበቃል። በተቃራኒው ደግሞ ቤት ስለገዛችሁ ብቻ መኖሪያ ፈቃድ ይሰጠናል ብላችሁ አታስቡ። የ10 ዓመቱ ወርቃማ ቪዛ በቤት በኩል የሚገኘው የንብረቱ ዋጋ 2 ሚሊዮን ድርሃም ሲሞላ ነው።

ሒሳቡን አሁን እንሥራው

ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። ምሳሌ እንያዝ፦ ባለ አንድ መኝታ፣ 700 ሺህ ድርሃም።

ለዱባይ መሬት መምሪያ የስም ዝውውር 4 በመቶ፣ ማለትም 28 ሺህ። በወረቀት ግማሹ የሻጭ ነው ይባላል፤ በተግባር ገዢ ነው ሁሉንም የሚከፍለው፣ ባትከራከሩ ይሻላል። የመምሪያው የአገልግሎት ክፍያ 580። ዝውውሩን ለሚፈጽመው ቢሮ 4,200 (ቤቱ ከ500 ሺህ በታች ከሆነ 2,100)። ለደላላ 2 በመቶ፣ ከነቫቱ 14,700። የመብራትና ውኃ ማስያዣ ለዴዋ 2,000። ደምሩት፦ 49,480። ወደ ሰባት በመቶ ማለት ነው፣ ያውም በካሽ ለሚገዛ።

በባንክ ብድር ከሆነ ሌላም አለ። ለመኖሪያ ፈቃድ ባለቤቶች ለመጀመሪያ ቤት፣ ዋጋው ከ5 ሚሊዮን በታች ከሆነ ባንክ እስከ 80 በመቶ ማበደር ይችላል። ስለዚህ ከኪሳችሁ 140 ሺህ። የብድር ምዝገባ 0.25 በመቶ እና 290 ድርሃም፣ የቤት ግምት ወደ 3 ሺህ፣ የባንኩ የራሱ ክፍያ ደግሞ እስከ 1 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ጨምቁት ቢሏችሁ እንኳ እጃችሁ ላይ 200 ሺህ ድርሃም ገደማ ሳይኖር ቤት ማየት አትጀምሩ። ድሮ ባንኮች የ4 በመቶውንና የደላላውን ክፍያ ብድሩ ውስጥ ጨምረው ይሰጡ ነበር፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ይህ ቀርቷል። የድሮ ምክር የሚሰጧችሁ ሰዎች ይህን አያውቁም።

እዚያ ለማትኖሩ ብድሩ ይጠብባል፤ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 በመቶ ነው። የኢትዮጵያ ደመወዝ አሳይቶ ብድር ማግኘት ደግሞ በጣም ከባድ ነው።

ባንኩ ምን ያያል?

ከቤቱ በፊት ባንክ። ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡት። ቅድመ ማረጋገጫ የሚሉትን ወረቀት ሳትይዙ ቤት ካያችሁ ልባችሁ አንዱ ላይ ያርፍና ባንኩ «አይ» ሲል ትታመማላችሁ።

ብዙዎቹ ባንኮች ወርኃዊ ደመወዛችሁ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሺህ ድርሃም እንዲሆን ይፈልጋሉ። የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃሉ። የዕዳ ክፍያችሁ በድምሩ ከገቢያችሁ ግማሽ ማለፍ የለበትም። እዚህ ላይ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ክሬዲት ካርድ ባትጠቀሙበትም ይቆጠርባችኋል። የካርዱን ጣሪያ 5 በመቶ እንደ ወርኃዊ ዕዳ ይይዙታል። ባለ 40 ሺህ ጣሪያ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ በወር 2,000 ድርሃም ይበላችኋል ማለት ነው። ከማመልከታችሁ ሁለት ወር በፊት ዝጉት። የብድሩ መክፈያ ጊዜ ቢበዛ 25 ዓመት ነው።

ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?

ይህን ጥያቄ ባንኩም ደላላውም ይጠይቃሉ፣ እውነተኛ መልስ ያዙ። ከ55 ሺህ ድርሃም ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ለቤት የተከፈለ ከሆነ ደላላው ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ቦርሳ ሙሉ ገንዘብ ይዞ መግዛት የድሮ ወሬ ነው።

ኢትዮጵያ ለምትኖሩ ደግሞ ልብ በሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ብዙ ሰው «በቃ ተከፈተ» ብሎ ነበር። ውጭ ሀገር ቤት ለመግዛት ብር መንዝሮ ማውጣት ግን ያኔም አልተከፈተም። በጥቁር ገበያ ልኮ ዱባይ ላይ የሚቀበል አለ፣ አውቃለሁ። ያ ገንዘብ ዱባይ ባንክ ሲገባ ምንጩን የሚያሳይ ወረቀት የለውም። አካውንቱ ሲታገድ ደግሞ ቀብዱ ተከፍሎ፣ የውሉ ቀን እየሮጠ ነው። ዱባይ ላይ ቤት መግዛት በሕጋዊ የውጭ ምንዛሪ ገቢ ላላቸው፣ ማለትም ገልፍ፣ አሜሪካ፣ አውሮፓ ለሚሠሩ ነው የሚሆነው።

ድርሃም ከ1997 ጀምሮ በዶላር ላይ የታሰረ ነው፣ 1 ዶላር 3.6725። ስለዚህ በዶላር የምትከፈሉ የምንዛሪ ሐሳብ የለባችሁም። በዩሮ የምትከፈሉ አለባችሁ።

ደላላው

ዱባይ ላይ ደላላ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ የሬራ ካርድና ቁጥር አለው። ሬራ በ2007 የተቋቋመው የሪል ስቴት ተቆጣጣሪ ነው። ማስታወቂያ ለመለጠፍም ፈቃድ ያስፈልጋል። ዱባይ ሬስት የሚባለውን የመንግሥት አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑና የደላላውን ቁጥር አስገቡ። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ኪው.አር. ኮድ ስካን አድርጉ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እኔ እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ባለማጥፋቴ 5 ሺህ ድርሃም ተበልቻለሁ። ልጁ ጨዋ፣ ሱፍ የለበሰ፣ መኪናው ውስጥ ውኃ የሚያቀርብ ዓይነት ነው። «ሌላ ገዢ ነገ ይመጣል፣ ለመያዣ ትንሽ ነገር አስገቡልኝ» አለኝ፣ የራሱን አካውንት ሰጠኝ፣ አስገባሁ። ቤቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ተሸጦ ነበር። ማስታወቂያው ላይ የፈቃድ ቁጥር አልነበረም፤ ያኔ ምን መፈለግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ በሰው ስም አካውንት አንድ ፍራንክ አስገብቼ አላውቅም።

ቤቱን ስታዩ

ቀን ብቻ አትሂዱ፣ ማታም ሂዱ። የመኪና ማቆሚያው ማታ ነው የሚታየው።

ፎቅ ቤት ውስጥ እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ባልዲ ውኃ ሞልቼ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ እደፋለሁ። ውኃው ወደ ፍሳሹ ካልሄደና ከበሩ ሥር ከተጠራቀመ ወለሉ ተዛብቷል። ቀጥሎ ኤሲውን ከፍቼ አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ያረጀ ኤሲ ድምፁ ያስታውቃል፣ እንደ ወፍጮ ነው። ከዚያ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ በእጄ እዳስሳለሁ፤ ቀለሙ ያበጠ ከሆነ እርጥበት አለ። ደላላው ሲያየኝ ይስቃል። ይሳቅ።

ከዓይን የተደበቀው ወጪ ሰርቪስ ቻርጅ ነው፣ የሕንፃው የጋራ አገልግሎት ክፍያ። በየዓመቱ በስኩዌር ፊት ይከፈላል። 750 ስኩዌር ፊት ቤት (70 ካሬ ሜትር ገደማ) በስኩዌር ፊት 15 ድርሃም ቢሆን በዓመት 11,250 ነው። የየሕንፃውን የሰርቪስ ቻርጅ መጠን መሬት መምሪያው ይፋ ስለሚያደርገው ከደላላው አፍ አትቀበሉ፣ ራሳችሁ እዩ። ማቀዝቀዣው በሕንፃው ነው ወይስ ለብቻው በሚከፈል ኩባንያ የሚለውንም ጠይቁ፤ ነሐሴ ላይ ሒሳቡ ሲመጣ ራስ ያዞራል።

ተከራይ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ቤቱን ከነተከራዩ ነው የምትገዙት። የኪራይ ውሉ በኢጃሪ (የዱባይ የኪራይ ውል መዝገብ ነው) ተመዝግቦ ከሆነ ለእናንተ ይተላለፋል። ራሴ ልግባበት ብትሉ በኖተሪ ወይም በተመዘገበ ፖስታ የ12 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ነው። «ሻጩ ያስወጣዋል» የሚለውን ተስፋ ውል ውስጥ ካልገባ አትመኑ።

ውል፣ ቀብድ፣ ዝውውር

ዋጋ ተስማማችሁ እንበል። የሚፈረመው ፎርም ኤፍ የሚባል የመሬት መምሪያው ውል ነው። ዋጋው፣ የዝውውሩ ቀን፣ ማን ምን እንደሚከፍል እዚያ ላይ ይሰፍራል። የሻጩን ካርታ ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ፣ አፑ ላይም አረጋግጡ።

ቀብዱ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ነው፣ በቼክ። ቼኩ በሻጩ ስም ይጻፋል እንጂ ለሻጩ አይሰጥም፤ ዝውውሩ እስኪያልቅ ደላላው ቢሮ ይቀመጣል። እኛ ሀገር ቀብድ እጅ በእጅ ተቆጥሮ፣ ሽማግሌ ፊት ተጨባብጠን ስለለመድን ይህ ይገርመናል። ያለ በቂ ምክንያት እናንተ ካፈረሳችሁ 10 በመቶው ይሄዳል። ስለዚህ በብድር የምትገዙ ከሆነ «ባንኩ ቤቱን በዚህ ዋጋ ካልገመተው ቀብዱ ይመለሳል» የሚል መስመር ውሉ ላይ አስጨምሩ። ደላላው ያጉረመርማል። አስጨምሩ።

ቀጥሎ ሻጩ ሕንፃውን ከሠራው ኩባንያ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት ያወጣል፣ ኤን.ኦ.ሲ. ይሉታል። ያልተከፈለ ሰርቪስ ቻርጅ ካለ እዚህ ይወጣል። የወረቀቱ ክፍያ ብዙ ጊዜ የሻጩ ነው። ሻጩ ራሱ የባንክ ዕዳ ካለበት ነገሩ ይረዝማል፤ የእናንተ ገንዘብ መጀመሪያ የእሱን ብድር ይዘጋል። በዚያን ጊዜ ቤቱ በመሬት መምሪያው መዝገብ ላይ በእናንተ ስም ሳይታገድ ገንዘብ እንዳይወጣ።

የዝውውሩ ቀን የሚኬደው መሬት መምሪያው ውክልና ወደሰጣቸው ቢሮዎች ነው። ገንዘቡ በማኔጀር ቼክ ይመጣል፣ እኛ ሲፒኦ የምንለው ነው። እኔ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ አራት ቼክ ተደርድሮ ነበር፦ የሻጩ፣ የመሬት መምሪያው፣ የደላላው፣ የቢሮው። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ ስሙን በጣቷ እየተከተለች ካነበበች በኋላ ለሻጩ ገፋችለት፣ ሻጩ አየ፣ ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ። ማተሚያው ትንሽ አንጎራጎረና ካርታው ወጣ፣ አንድ ወረቀት። ቁልፉን ሻጩ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በቃ፣ ያ ነው።

ያልተሠራ ቤት ከሆነ

ኦፍ ፕላን ማለት ገና የሚሠራ ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሪል ስቴት ከፍለው ዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ ዘመዶች ስላሉን ቃሉን ስንሰማ ሆዳችን ይረበሻል፤ ልክ ነን። ዱባይም በ2008 እና 2009 ቀውስ ብዙ ፕሮጀክት ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል። ልዩነቱ አሁን ገንዘቡ ለሠሪው ኩባንያ በቀጥታ አይገባም። የ2007ቱ ሕግ ቁጥር 8 ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ኤስክሮው የሚባል ዝግ አካውንት እንዲከፈት ያዛል። የአካውንቱን ቁጥር ከኩባንያው ወረቀት ላይ ሳይሆን ከአፑ ላይ ውሰዱ፤ ግንባታው ስንት በመቶ ደርሷል የሚለውንም እዚያው ታያላችሁ።

ግዢው ኦቁድ በሚባል ጊዜያዊ መዝገብ ይመዘገባል። 4 በመቶው ያኔውኑ ይከፈላል። ኦቁዱ እጃችሁ ካልገባ አልገዛችሁም።

ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ደግሞ ይህን ነው፦ መክፈል ቢያቅታችሁ ምን ትሆናላችሁ? ግንባታው ከ60 በመቶ ካለፈ ኩባንያው የቤቱን ዋጋ እስከ 40 በመቶ ሊያስቀር ይችላል። ከ60 በታች ከሆነ እስከ 25 በመቶ። የከፈላችሁትን ሳይሆን የቤቱን ዋጋ ነው ያልኩት፣ ደግማችሁ አንብቡት። በ700 ሺህ ቤት 40 በመቶ 280 ሺህ ነው። በወር የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ብቻ ክፈሉ የሚለው ማስታወቂያ ሲያማልላችሁ ሥራ ብለቅስ ብላችሁ አስቡ።

በውክልና ለምትገዙ

ከአዲስ አበባ ውክልና የምትልኩ መንገዱ ረጅም ነው። ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ያለው የኢምሬትስ ኤምባሲ፣ ዱባይ ሲደርስ እንደገና የእነሱ ውጭ ጉዳይ፣ በመጨረሻ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ ዐረብኛ። አንዱ ማኅተም ከጎደለ ቢሮው ይመልሰዋል። ውክልናው ላይ ለመግዛት፣ ለመፈረም፣ ካርታ ለመቀበል ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ለመሸጥ የሚለውን አታስገቡ፣ ወንድማችሁም ቢሆን።

ከገዛችሁ በኋላ

ኑዛዜ ጻፉ። ይህን የምለው ሟርት ሆኖ አይደለም። ሙስሊም ያልሆናችሁ በፍላጎታችሁ ለማውረስ ከ2015 ጀምሮ በዲ.አይ.ኤፍ.ሲ. (የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል) የኑዛዜ መዝገብ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ሙስሊም የሆናችሁ በሸሪዓ ነው የሚታየው። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው በሁለታችሁም ስም፣ ድርሻው ተጽፎ ይሁን።

አሜሪካ ያላችሁ፣ የኪራይ ገቢውን እዚያም ታሳውቃላችሁ። በስማችሁ የተያዘው ቤት ራሱ ለአሜሪካ መንግሥት በሚቀርበው የውጭ ባንክ አካውንት ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ ኪራይ የሚገባበት የዱባይ አካውንት ግን ከሌሎች የውጭ አካውንቶቻችሁ ጋር በዓመቱ በአንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ ይገባል።

የመጨረሻው የስም ጉዳይ ነው፣ የእኛ የሐበሾች። የፈረንጅ ሲስተም የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ አባትና አያት ነው ያለን። በዚያ ላይ የአባቴ ስም በድሮው ፓስፖርቴ ለሁለት ተከፍሎ፣ በአዲሱ ገጥሞ ነው የተጻፈው። ካርታው በድሮው ወጣ። ፓስፖርት ሳሳድስ ለመሬት መምሪያው ሳላሳውቅ ቀረሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተከራይ አግኝቼ ኢጃሪ ላስመዘግብ ስል ሲስተሙ እኔንና ባለቤቱን ሁለት ሰው አደረገን። አንድ ሰው መሆናችንን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቆንስላ አውጥቼ፣ አስተርጉሜ፣ ወረፋ ጠብቄ እስካስተካክል ተከራዩ ሌላ ቤት ገባ። ፓስፖርት ባሳደሳችሁ በሳምንቱ መዝገቡን አስቀይሩ፤ የድሮውንም አትጣሉት።